ለየሺ ድምፅ ሁለተኛ ማደሪያ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። አቶ ዓለምነው የጋፋት ገበሬ፣ የሰፈራቸውም እድር ዳኛ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ባረፉ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን፣ በነጠላ የተጠቀለለች ሃርድ ዲስክ በብብታቸው ይዘው ደብረ ታቦር ገቡ። ዲስኳን ባሕር ዳር ወስደው ሊያሳዩ መኪና ሲጠብቁ ዝናቡ ወረደባቸውና አንድ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። በረንዳው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ኖሯል። የወዳጃቸው የዑመር ልጅ ነጅሚያ ከውስጥ ብቅ አለች።

«አባባ ዓለምነው! አላህ ያጽናዎት። ምነው ውጭ ቆሙ? ይግቡ እንጂ።»

«ኑሪ ልጄ። መኪናው ያመልጠኛል።»

«በዚህ ጎርፍ መኪናው የትም አይሄድ። ደግሞ ምንድን ነው ያቀፉት? ጫጩት አስመሰሉት እኮ።»

ሰውየው ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው፤ ግን አልሆነላቸውም። «የሺ ናት» አሉ።

ወይዘሮ የሺ ሙሾ አውራጅ ነበሩ። በዚያ አገር እሳቸው ሳያለቅሱለት አፈር የገባ ሰው የለም። አልጋ ላይ ሲውሉ «ለእኔ የሚያወርድልኝ የለም» ብለው የራሳቸውን ሙሾ ራሳቸው አወረዱ። የእህታቸው ልጅ ሲሳይ በቪዲዮ ቀርጾ በዚያች ዲስክ ላይ አኖረው። ለአርባው እድርተኛው ሁሉ ሊሰማው ነበር። ትናንት በእድሩ አዳራሽ ቢሞክሩት ግን ቴሌቪዥኑ ጨለማ ሆነ። ይህን ሁሉ ነገሯት።

«ገመዱ በሁለት ብሎን የሚታሰር፣ ጫፉ ሰማያዊ ነበር?» አለች ነጅሚያ።

«አዎ፣ ሲሳይ ቴሌቪዥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር ያሰረው በእሱ ነው።»

«እሱ አሮጌው ነው። ምስል እንጂ ድምፅ አያሻግርም። ከውስጡ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱ ከተጣመመ ደግሞ ምስሉንም ይከለክላል። ይኸኛው ኤችዲኤምአይ ይባላል፤ ምስሉንም ድምፁንም ባንድ ገመድ ይወስዳል።»

«እንዲያ ከሆነ የሺ ደህና ናት በይኛ!»

ገመዱ ሲሰካ የሱቁ ስክሪን ቦግ አለ። አቶ ዓለምነው ልባቸው ዘለለ። ዲስኳ ስትሰካ ግን «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ…» የሚል ድምፅ መጣ። ነጅሚያ ቶሎ ነቀለቻት።

«ገመዱን ቀይሪው» አሉ።

«ገመዱማ ደህና ነው አባባ። የተጎዳችው ዲስኳ ናት። ውስጧ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ክንድ ሳህኑን ሳይፍቀው አልቀረም። ወድቃ ነበር?»

«ከትናንት ወዲያ ከበቅሎ ኮርቻ ላይ። ግን በነጠላ ጠቅልያት ነበር!»

«ቅጂዋስ የት አለ?»

እዚህ ላይ ነው ልጆቼ የሰውየው ፊት አመድ የመሰለው። በሣልስቱ ቀን፣ በዳኝነታቸው፣ የየሺ ድምፅ በስልኩ ያለው ሁሉ እንዲያጠፋ አዝዘው ነበር። ሲሳይንም ፊታቸው አስቁመው አስጠፍተውታል።

«የለም። የሙት ድምፅ በየኪሱ ሲዞር፣ በየጠላ ቤቱ ሲከፈት ደግ ነው? ድምፅ እንደ መቃብር ነው፤ አንድ ይበቃዋል።»

«ማክበርዎ ይገባኛል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የዘር ገብስዎን የት ያስቀምጣሉ?»

«ገብስና የሺን ምን አገናኛቸው?»

«ይንገሩኝ እንጂ።»

«ግማሹን በጎታዬ፣ ግማሹን አንበሳሜ ከተማ ባለችው እህቴ ቤት።»

«ለምን?»

«ነቀዝ ቢገባ… ቤት ቢቃጠል…» አሉ።

«እህትዎ ዘንድ ስላደረ ገብሱ ተዋረደ?»

ነጅሚያ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ሳጥን አሳየቻቸው። «እዚህ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ባለፈው ክረምት መብራት ሲመላለስ አንዱ ተቃጠለ፤ በሌላው ሥራዬን ቀጠልኩ።»

«እንግዲያስ ሁለት ከሆኑ ይበቃል።»

«አይበቃም። እኔ ተሳስቼ አንዱ ላይ ካጠፋሁ፣ ከሌላውም አብሮ ይጠፋል። ሌባ ሳጥኑን ቢያነሣው ሁለቱም ይሄዳሉ። ሦስተኛው ቅጂ ሐሙሲት ከተማ፣ ወንድሜ ነጂብ ቤት ነው።»

«ለየሺስ አሁን ምን ይደረግ?»

«አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዲስክ ከፍተው የሚሞክሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እንልካለን። ለአርባው ግን አይደርስም። ተስፋም ልሰጥዎ አልደፍርም፣ አባባ።»

አቶ ዓለምነው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «አንድ ጊዜ በሽታ ወሰዳት» አሉ፤ «ሁለተኛውን እኔ።»

በአርባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ነጅሚያም ኮምፒውተሯንና አዲሱን ገመድ ይዛ መጣች። አቶ ዓለምነው ተነሥተው የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ተናገሩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ያኔ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ትርንጎ ተነሡ። ልጃቸው ታምራት አምና ነው የሞተው።

«ዳኛ፣ ይቅጡኝ። ሁሉም አጠፋ፣ እኔ አላጠፋሁም። የሺ ለታምራቴ ያለቀሰችው ስልኬ ላይ አለ። አጭር ቪዲዮ ናት። እሷን አጥፍቼ ምን ይዤ ልኑር?»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ዳኛው ዞረ። አቶ ዓለምነው ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «የተቀጣሁትስ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያም ወደ ነጅሚያ ዞሩና፣ «ልጄ፣ እንዳትከፍቺው። መጀመሪያ ኮምፒውተርሽ ላይ ቅጂው። እንሰማዋለን፣ ግን መጀመሪያ ቅጂው» አሏት።

ሲከፈት ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የየሺ ጀርባና የተነሡት እጆቻቸው ብቻ ይታያሉ። ድምፃቸው ግን ድምፃቸው ነበር። ለሌላ ሰው ልጅ በወረደ ሙሾ የየሺ አርባ ተለቀሰ።

ዛሬ በጋፋት እድር የሟቾች ምስልና ድምፅ በአዳራሹ ባለ ሁለት ዲስክ ሳጥን ውስጥ፣ ነጅሚያ ሱቅ፣ አንበሳሜም በዳኛው እህት ቤት ይቀመጣል። ጠላ ቤት ወስዶ የሚያሰማ ይቀጣል፤ ያ የቀድሞው ክብር አልቀረም። በየሦስት ወሩም እየተከፈተ ይታያል፤ ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርምና። ባለፈው ሐምሌ የአዳራሹ ጣሪያ አፍስሶ ሳጥኑ ሲበላሽ፣ አንድም ቤት ሙቱን ዳግም አልቀበረም። ልጆቼ፣ እናንተም የምትወዱት ሰው ድምፅ በእጃችሁ ካለ፣ ነገ ሳትሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ማደሪያ ፈልጉለት።

የሺ ለራሳቸው ያወረዱትን ግን እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ዲስኳ አዲስ አበባ ደርሳ ሳትነበብ፣ እንደ ሄደች ተመለሰች። አቶ ዓለምነው በዚያው ነጠላ ጠቅልለው ራስጌያቸው አኑረዋታል።