ወደ ግራ የሚስበው ሞተር

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሜትር የእህታቸውን ልጅ ያገኟት ሳያስቡት ነው። ክር አልቆባቸው ወደ ገበያ ሲወጡ፣ እሷ ከመለዋወጫ ሱቅ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ግጥም አሉ። በአንድ እጇ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው አሮጌ ጨርቅ ይዛለች። እሳቸው ሜትር የተባሉት ከአንገታቸው በማይወርደው የልክ መውሰጃ ምክንያት ነው። ሰርግም ለቅሶም ይዘውት ስለሚሄዱ፣ ተኝተውም አያወልቁትም እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ ወለል ልትወለውዪ ነው?»

«ኧረ አይደለም አጎቴ» ብላ ሳቀች። «የቀያሹን ሞተር ባለቤታቸው ሊሸጡት ነው ሲባል ሰምቼ፣ ዛሬ እንደምመጣ አስነግሬ ላየው እየሄድኩ ነው።»

የጋሽ ሜትር ፈገግታ እዚያው ደረቀ።

መሬት እየለካ ይኖር የነበረው ቀያሽ ከሞተ ዓመት አልፎታል። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ፣ ከሠፈሩ በላይ ባለው መታጠፊያ ከነሞተሩ ገደል ገባ፤ ሞተሩን ቁጥቋጦ ያዘው፣ እሱ ግን አልተረፈም። ዓይኑን ጨፍኖ በሚሄድበት መንገድ ላይ እንዴት እንደወደቀ ለሰው ሁሉ እንቆቅልሽ ሆነ። «ሐሳቡ አብሮት አልነበረም» ያሉ ነበሩ፤ «ገደሉ ጠርቶት ነው» ያሉም ነበሩ። ጋሽ ሜትር ግን ለማንም ያልተናገሩት ጉዳይ አለባቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሳለ፣ የቀያሹ ሞተር ድምፅ ይሰማቸዋል። ይነሳል፣ ያጓራል፣ ድንገት ጸጥ ይላል። የሚደርስ ሰው ግን የለም። ጃጁ እንዳይባሉ ፈርተው ዝም አሉ። ጎረቤቶቻቸውም በዚያ ሰዓት በራቸውን ቶሎ ቶሎ ሲዘጉ ያያሉ፤ እነሱም ዝም ብለዋል።

የእህታቸው ልጅ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ገና መመደቧ ነው። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዙሪያውን የተበታተኑ መንደሮች አሉት። ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ በእግሩ የሚሄድ አዋላጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አልቅሶ ለመመለስ ነው። መንጃ ፈቃድ አውጥታለች እንጂ የራሷ ሞተር ኖሯት አያውቅም፤ አዲስ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ የለም።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ ጋሽ ሜትር ልባቸው እየፈራ። «ግን ያንን ባትሪና ጨርቅ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺልኝ። ሐዘንተኛ ቤት ነው የምንገባው።»

«ታዲያ ሞተሩን በምን ልየው?»

«በዓይንሽ ነዋ! ቆመሽ ታይዋለሽ፣ ነፍስ ይማር ትያለሽ፣ ትወስጂዋለሽ። የሟች ዕቃ ማገላበጥ ኪሱን እንደመበርበር ነው። እኛ ያደግነው ይህን ነውር እያልን ነው።»

«አጎቴ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኮት ሊያሰፋ የመጣ ሰው ‹ትከሻዬ ደህና ነው፣ እመኑኝ› ቢልዎት፣ ሳይለኩ ይቆርጣሉ?»

«ምን አገናኘው? ልክ መውሰድ ሥራ ነው፤ ስድብ አይደለም።»

«ይሄም ልክ መውሰድ ነው እኮ። ኮቱ ቢጠብ ተተርትሮ ይሰፋል። ፍሬኑ እምቢ ቢለኝ ግን እኔን ማን መልሶ ይሰፋኛል?»

«አፍሽን ያዢ! ወደዚያ ቤት እየሄዱ እንዲህ ያለ ቃል አይወራም።»

ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ሰውን ከሰው ጋር ያኖራል። አንዳንዴ ግን ተመቻችቶ ይቀመጥና የማሰብን ቦታ ይይዛል። ጋሽ ሜትር ደግሞ በይሉኝታ የታወቁ ናቸው። ጠባብ ጫማ የሸጠላቸው ሰው እንዳይቀየማቸው ብለው፣ ጫማው እስኪያልቅ ድረስ እያነከሱ ሄደውበታል። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ጨዋታ መመለስ ከባድ ነው።

በሩ ገና ሳያንኳኩ ተከፈተ። የቀያሹ ሚስት ጸጉሯን አበጥራ፣ ሰው እንደምትጠብቅ ሁሉ ለብሳ ቆማለች። ሰላም ስትላቸው ዓይኗ እነሱ ላይ አልነበረም፤ ከትከሻቸው በላይ አልፎ መንገዱን ያያል።

«ከኋላ ነው፤ ግቡ» አለች።

ወደ ቆርቆሮው መጠለያ ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩል ብቻ ነው። የሟቹ ቦት ጫማ ከግድግዳው ሥር አፍንጫውን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል። የቅየሳ መሣሪያው ሦስት እግሮች ታጥፈው ጥግ ላይ ተደግፈዋል። መሃል ላይ ሞተሩ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሸራውን የሰፉት ራሳቸው ጋሽ ሜትር ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ሴትየዋ አዛቸው፣ እንደ ሰው ልክ ወስደው ሰፍተውለታል። በግራ በኩል ትንሽ እንደተጣመመባቸው ትዝ ይላቸዋል፤ ያኔ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና በዚያ አሳበቡት።

ሸራው ሲገለጥ አቧራ አልተነሳም። ሞተሩ ትናንት የተነዳ ይመስል ያብረቀርቃል።

«እንግዳ አይወድም» አለች ሚስትየው ቀስ ብላ።

አዋላጇ በርከክ ብላ መዳፏን ወደ ሞተሩ ሆድ አስጠጋች። ወዲያው አነሳችው።

«እትዬ፣ ዛሬ ያስነሳው ሰው አለ?»

«ማን ያስነሳዋል? ባለቤቱ የለ።»

ጋሽ ሜትር ሳይፈልጉ እጃቸውን ሰደድ አደረጉ። ብረቱ ሞቋል፤ የሰው ገላ ያህል ሞቋል። እጃቸውን ቶሎ መለሱ።

«ልጄ፣ እንሂድ።»

«ቆይ አጎቴ። መንዳት ስንማር የተነገረን የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። አሮጌ ሞተር ስታዩ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጡ ይሉናል። ቀድሞ ከሞቀ፣ ጠዋት በብርድ እንዴት እንደሚነሳ፣ ምን ዓይነት ጭስ እንደሚያወጣ አይታወቅም። ከሞቀ ደግሞ የሞቀበት ምክንያት አለው።»

«ምክንያቱ የዚህ ዓለም አይደለም» አሉ በሹክሹክታ።

እሷ ግን ባትሪዋን አብርታ ሥራዋን ጀመረች። የጎማው ጥርስ አላለቀም፤ ጎኑ ግን ተሰነጣጥቋል፤ ጎማ ቆሞም ያረጃል አለች። ካቴናው ረግቧል፣ የፍሬኑ ሸራ ሳስቷል። አንድ ነገር በነካች ቁጥር ጋሽ ሜትር «ይቅርታ እህቴ፣ የዛሬ ልጆች እንዲህ ናቸው» እያሉ በሷ ፋንታ ያፍራሉ። ሴትየዋ ግን የተቀየመች አትመስልም።

«መሪው ትንሽ ወደ ግራ ይስባል» አለች ራሷ። «ቤታችን በግራ በኩል አይደል? እሱ ‹ቤቱን ስለሚያውቅ ነው› እያለ ይስቅ ነበር። ከእናንተ በፊት ሁለት ሰዎች ሊሞክሩት ወስደውት እየገፉ መለሱት። ሁለቱንም የጣላቸው እዚያው መታጠፊያ ላይ ነው። እሱ አልለቀቀውም መሰለኝ።»

ጋሽ ሜትር ወደ በሩ አፈገፈጉ።

«ይኸው ሰማሽ!» አሉ። «ወይ በምርቃት ውሰጂው፣ ወይ ይቅርብኝ ብለሽ እንሂድ። መነካካቱ ግን ይብቃ!»

«ሁለቱንም አላደርግም አጎቴ። ዝም ብዬ ብወስደው ዛሬውኑ እኔ እወድቃለሁ። ፈርቼ ብሄድ ነገ ሌላ ሰው ወስዶት ይወድቃል። ሜትርዎን ያውሱኝ።»

«ሜትሬን?» አንገታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሜትሬን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የሚለካ ነገር ካለ እኔው እለካለሁ!»

ሥራ የለመደ እጅ ፍርሃትን ቶሎ ይረሳል። ልጅቱ መሪውን ቀጥ አድርጋ ያዘችላቸው። እሳቸው ከኋለኛው ጎማ መሃል እስከ ፊተኛው ጎማ መሃል በቀኝ በኩል ለኩና በጥፍራቸው ምልክት ያዙ። ዞረው በግራ ለኩ። አንድ ጣት ጎደለ። ደገሙት፤ ያው ነው። በዕድሜያቸው ብዙ ሰው ሲዋሽ አይተዋል፤ ሜትራቸው ሲዋሽ ግን አይተው አያውቁም። ለሞተሩ የሰፉት ሸራ ትዝ አላቸው። ለካስ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ሸራው የተጣመመው የለበሰው ነገር ጠማማ ስለሆነ ነው።

«ግራ ጎኑ አጭር ነው» አሉ ቀና ብለው። ወዲያው ግን «ወድቆ ነዋ! ሲወድቅ ታጥፎ ይሆናላ» ሲሉ ጨመሩ።

«ሊሆን ይችላል። እስቲ ይህንን ይዩልኝ» ብላ ባትሪዋን ከመሪው ሥር፣ አንገቱ ላይ አበራች። ወፍራም የብየዳ ጠባሳ ከቀለሙ በታች አብጦ ይታያል። «እትዬ፣ ሞተሩን ቀለም ያስቀባው ሰው አለ?»

«ማንም። ሲገዛውም ይኸው ቀለም ነበር።»

«ከማን ነው የገዙት?»

«ከወዳጁ። የወዳጅ ዕቃ መፈተሽ ነውር ነው ብሎ፣ ቁልፉን ተቀብሎ እየነዳ መጣ።»

«እንግዲያው እሳቸው ሳይገዙት በፊት ተሰብሮ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶበታል» አለች አዋላጇ። ከዚያም ወደ አጎቷ ዞረች። «አሁን ሞተሩን በመሃል እግሩ አቆመዋለሁ፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡልኝና የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሳ።»

ጋሽ ሜትር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ኮታቸውን ሰብስበው የሟቹ ሞተር ላይ ወጡ። የፊቱ ጎማ ተነሳ። መሪው ወደ ቀኝ በዝግታ ዞረ። ወደ ግራ ሲዞር ቀጭ አለና ያዘ። ልጅቱ ወደ ቀኝ ልትመልሰው ብትገፋ፣ የሆነ እጅ ከውስጥ የጨበጠው ይመስል እምቢ አለ።

«ይህንን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች ሚስትየው፤ ከቦት ጫማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የማስነሳው እኔ ነኝ። ይመጣበት የነበረው ሰዓት ሲደርስ የቤቱ ዝምታ አላስቀምጥ ይለኛል። መጥቼ አስነሳዋለሁ፣ መሪውን ይዤ እቀመጣለሁ። ቀጭ ሲል እጄን የያዘኝ እሱ ይመስለኛል። ዛሬ ልትወስዱት ነው ብዬ ቀደም ብዬ ተሰናበትኩት።»

«እንዲህ ስትሆኚ ምነው አልነገርሽን እህቴ?» አሉ ጋሽ ሜትር። ዓመት ሙሉ እንደ መንፈስ የሸሹት ድምፅ የአንዲት ሴት ሐዘን መሆኑን ሲያውቁ፣ ከፍርሃታቸው ይልቅ እፍረታቸው በረታ።

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? የዚያን ዕለት ጠዋት ተጣልተን ነበር፤ በማይረባ ነገር። ‹ማታ እንዳትመጣ› አልኩት። ሰው ሁሉ ሐሳቡ አብሮት አልነበረም ሲል፣ ሐሳቡ የት እንደነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አትምጣ ስለው ቀረ።»

አዋላጇ አጠገቧ ተንበረከከችና ክንዷን ደግፋ አስነሳቻት። ሁለቱንም እጆቿን መሪው ላይ አኖረቻቸው።

«ወደ ቀኝ ያዙሩት።»

ሴትየዋ ገፋች። መሪው አልተነቃነቀም።

«መታጠፊያው ወደ ቀኝ ነው እትዬ። እሳቸው አዙረዋል፤ መሪው ነው ያልዞረው። ሌሎቹን ሁለት ሰዎችም የጣላቸው ይኸው ነው።»

«አዙሮ ነበር?»

«አዙረው ነበር።»

«ወደ ቤት?»

«ወደ ቤት። እየመጡ ነበር።»

ያን ጊዜ ዓመት ሙሉ ታፍኖ የኖረው ልቅሶ ወጣ። ጋሽ ሜትር ዞር ብለው የሜትራቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ። ሲረጋጉ የተናገሩት እንዲህ ነበር፦

«ወዳጁን አከበርኩ ብሎ ሳይፈትሽ ገዛ። እኔም ሟቹን አከበርኩ ብዬ የእህቴን ልጅ በዚያው ሞተር ልሰድ ነበር። መከባበራችን እኮ እሱን ገድሎ አንቺንም ሊደግም ነበር።»

«መከባበሩ አይደለም የገደላቸው አጎቴ» አለች ልጅቱ በለሰለሰ ድምፅ። «አክብሮት ይኑር። ግን የሚያከብር ሰው ጠይቆ ይነካል፣ ያየውን ሳይደብቅ ይናገራል። የሚሸጠውም ሰው ከጸጸት ይድናል።»

የቀያሹ ሚስት እንባዋን ጠረገች። «ፈትሹት» አለች። «እስከ መጨረሻው ፈትሹት። ለእሱ ማንም አልፈተሸለትም።»

አዋላጇ የሞተሩን እሳት የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትታ ለአጎቷ ሰጠቻቸው፤ እስኪጠገን ድረስ ማንም እንዳያስነሳው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። የዚያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሠፈሩ ጭር አለ። ጋሽ ሜትር ሄደው ሴትየዋን ሱቃቸው ድረስ ይዘዋት መጡና ወንበር ሰጧት። ያ ሰዓት ሲደርስ ሁለቱም ተያዩ፤ ምንም አልተሰማም። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም በዚያ ሰዓት እየመጣች የልብስ ቁልፍ ትተክልላቸው ጀመር።

አዋላጇ ሞተሩን ገዛችው፤ መካኒክ ሲፈታው መሪው የሚዞርበት የአንገቱ ኩሽኔታ ተሰባብሮ ተገኘ። አንገቱና የፊት ጎማውን የያዙት ዘንጎች ተቀየሩ፣ ጎማዎቹና የፍሬኑ ሸራ አዲስ ሆኑ። ጋሽ ሜትር ሥራው ሲያልቅ ሜትራቸውን ይዘው ሄዱና ቀኝና ግራውን ለኩ። ልክ ሆነ። መካኒኩ ተቀይሟቸው እንደሆነ ጠየቁት፤ እሱም የሚለካ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል አላቸው። ይህ መልስ ለብዙ ቀን አስገረማቸው።

ከዚያ ወዲህ ኮት ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው ምክር ሳይሰማ አይወጣም። «አሮጌ ሞተር ልትገዛ ነው? ቀዝቃዛ ሆኖ አግኘው። የፊቱን ጎማ አንስተህ መሪውን አዙረው፣ ቀኝና ግራውን ለካው፣ ጎማና ፍሬኑን በብርሃን እየው። ነጂነቱ አዲስህ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ። ዕቃው ደህና ከሆነ ሻጩ ኮርቶ ይሸጥልሃል፤ ጉድለት ካለው ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ። ይሉኝታህን ግን ቤትህ አስቀምጠህ ውጣ፤ ስትመለስ ታገኘዋለህ» ይላሉ። አዋላጇም በዚያ ሞተር ከመንደር መንደር እየዞረች፣ ያለ እሷ ብቻቸውን ያምጡ የነበሩ እናቶች ዘንድ በሰዓቱ መድረስ ጀመረች።

አዋላጇ ከመንደር ስትመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በላይኛው መንገድ የመጣች ዕለት፣ ጋሽ ሜትር ጨርቅ እየቆረጡ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ያ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ። መቀሳቸው ባለበት ቆመ። የቀያሹ ሚስት መርፌዋን አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች፤ እሳቸውም ተከተሏት። የጎረቤቶቹ በሮች እንደ ልማዳቸው መዘጋት ጀመሩ።

ድምፁ ወደ መታጠፊያው ተጠጋ፣ ለዘብ አለ። ከዚያም ድምፁ እንደገና ከፍ አለና መታጠፊያውን አልፎ ወደ ታች ወረደ። ሞተሩ ከቀያሹ በር ፊት ለፊት ሲደርስ ቆመ። ሚስትየው እየተቻኮለች ሄዳ በሩን በሰፊው ከፈተች።

«ደረስሽ?» አለች።

«ደረስኩ እትዬ» አለች አዋላጇ ሞተሩን እያጠፋች።