ቤቴን የሚያውቀው ባለባጃጅ

ወልቂጤ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ያዝኩ። የት እንደምሄድ ሳልናገር ሾፌሩ ቤቴ በር ላይ አደረሰኝ።

«ቤቴን በምን አወቅከው?» አልኩት ገርሞኝ።

«መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመጠጥ ቤት የማመጣዎት እኔ አይደለሁ እንዴ? ስለ እናትዎ ሞት እየነገሩኝ ያለቅሳሉ። ስሜንም ሁሌ ይጠይቁኛል። ወላሂ፣ ከድር ነኝ ማለት ሰለቸኝ!» ብሎ ሳቀ።

ፊቱን ጭራሽ አላስታወስኩትም። ለማንም ያልነገርኩትን ሐዘኔን የሚያውቅልኝን ሰው አለማወቄ አንገቴን አስደፋኝ። መጠጥ ያቆምኩት ያን ዕለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ ከድር እየመጣ ሻይ እንጠጣለን፣ እናወራለን። አሁን ወዳጄ ነው። ባለፈው እሑድ ቸሃ እናቱ ዘንድ ወስዶኝ ቆጮ በአይብ በላን። እናቱ ያጫወቱኝን አንድም ቃል ሳላስቀር ልነግራችሁ እችላለሁ።