ስሙ የተፋቀ ጊታር

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ሰሞን፣ ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ከቡራዩ ታክሲ ያዝኩ። ከፊቴ አንድ ወጣት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ጊታር አቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ጠየቁት።

«ያንተ ነው?»

«ገና አልገዛሁትም። ምን ዓይነት እንደሆነ ፒያሳ ላለ አንድ አዋቂ ላሳይ ነው።»

«እስቲ ግለጠው። ድሮ ባንድ ውስጥ እጫወት ነበር።»

ገለጠላቸው።

«አናቱ ላይ የፋብሪካው ስም የለውም።»

«ተፍቋል። አከራዬ ግን ኦርጅናል ነው ትላለች።»

«አገላብጠው። አንገቱ በብሎን የታሰረበት ብረት ላይ ይጻፋል። ይኸው፣ ጃፓን የተሠራ ነው። ደህና ዕቃ ነው። ክሮቹ ግን የታሰሩት በግራ እጁ ለሚጫወት ሰው ነው። ባለቤቱ ግራኝ ነው?»

«እንጃ። ሲጫወት አይቼው አላውቅም።»

«የማን ነበር?»

«የጎረቤቴ፣ እንደኔው ተከራይ ነው። ረብሻው የጀመረ ዕለት እንደወጣ አልተመለሰም። አከራያችን ክፍሉን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ዕቃውን እየሸጠች ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«አልጠየቅኩትም። በግድግዳው በኩል ነበር የምሰማው።»

«አንተስ ትጫወታለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

ወጣቱ ጊታሩን መልሶ ሸፈነው።

«ከሥራ ስገባ ቤቱ ጭር ይልብኛል፣ አባባ። ከተመለሰ ጊታሩን ፍለጋ የኔን በር ያንኳኳል ብዬ ነው።»

መውረጃዬ ሲደርስ የተሸፈነውን ጊታር እያየሁ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።