አሥራ ሁለት ለሦስት ላይ የዘጋሁት ካርታ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን ቤይቡት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ልጆቼም፣ እንዲህ ደግሳችሁ ስለሸኛችሁኝ ፈጣሪ ይስጥልኝ። በአልማቲ ያለ ሊጥ ሁሉ ባውርሳክ ሆኖ ተጠብሶ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ነው የሚመስለው።

ባለቤቴ ሳፓርም መጥቷል። ሰባት ዓመት ሙሉ «ልጆች በኮምፒውተር ሲታኮሱ አንቺን ምን አገባሽ?» እያለ ያደርቀኛል። ሳፓር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳህ። አንድ ግጥሚያ እስከ ሦስት ካርታ አለው፤ ካርታ የሚታኮሱበት ሜዳ ነው። አሥራ ሦስት ዙር ቀድሞ ያሸነፈ ካርታውን ይወስዳል፤ አሥራ ሁለት እኩል ከሆኑ ግን ጭማሪ ይጫወታሉ። ሰዎች በእኛ የትንበያ ገበያ «ይህን ካርታ እነእገሌ ያሸንፋሉ»፣ «አያሸንፉም» እያሉ ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ካርታው ሲያልቅ አሸናፊውን አረጋግጬ ገበያውን የምዘጋው እኔ ነኝ። ገባህ? አልገባውም። ግድ የለም።

ቤይቡት ሲቀጥረኝ፣ እንደ እናት አክብሮ፣ «አፓ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ የምንፈልገው እንደ እርስዎ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው» ብሎኝ ነበር። ምን ነክቶት ይሆን?

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። የዛሬ ሦስት ዓመት የቤይቡት የልጅ ልጅ ሲወለድ ግብዣው እዚሁ ቢሮ ነበር። በእኔ ስክሪን ላይ ካርታው አሥራ ሁለት ለሦስት ደርሷል። የቀረው አንድ ዙር ነው። የፈረስ ቋሊማው ሽታ ደግሞ በኮሪደሩ መጣ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «አልቋል እንግዲህ» ብዬ አሸናፊውን መዘገብኩና ገበያውን ዘግቼ ተነሣሁ።

አፌን ጠርጌ ስመለስ አሥራ ሁለት እኩል ሆነዋል። በጭማሪው ዙር ደግሞ አሸነፈ ያልኩት ቡድን ተሸነፈ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን መልቀሙንም ለሌላ ሰው ተውኩት። ቤይቡት እየሮጠ መጥቶ «አፓ፣ ምን ተፈጠረ?» ሲለኝ፣ «የኢንተርኔት መስመሩ ተቋርጦ ነው» አልኩት።

መስመሩ የማን ሥራ ነው? የቴክኒክ ባለሙያችን የዣንዶስ። ሳምንት ሙሉ ከወለሉ ሥር ያለው ሽቦ ተነቀለ። ብልሽት አልተገኘም፤ አንዲት የሞተች አይጥ ግን ተገኘች። ዣንዶስም አይጧም አብረው ተወቀሱ። ለእሱ ታስቦ የነበረው የፈረቃ ኃላፊነትም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን እያየሁ ዝም አልኩ። አፍሬያለሁ፣ ልጆቼ። በጣም አፍሬያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነገርኩት። ሻዩን ከአፉ እንኳ አላወረደም።

«አውቃለሁ፣ አፓ» አለኝ። «ገበያውን የዘጉበት ሰዓት መዝገቡ ላይ አለ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ምን ዝም አሰኘህ?»

«እርስዎ ራስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ!»

ከዚያ ስልኩን አሳየኝ። ለካ ከቤይቡት በቀር ሁላችሁም ታውቁ ኖሯል! ለካ በእኔም ላይ ገበያ ከፍታችኋል! «አፓ ጡረታ ሳትወጣ በሁሉ ፊት ትናገራለች?» መወራረጃው የሻይ ማፍላት ተራ ነው። አሥራ አራት ሰው «አትናገርም» ብሏል። አይጉል፣ በየልደትሽ ኬክ የምጋግርልሽ አንቺም? «ትናገራለች» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የበደልኩት ሰው።

ቤይቡት፣ ፊትህ ምነው ቀላ? የፈረቃ ኃላፊነቱ ዘንድሮ ክፍት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለማን እንደሚገባ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።

በሉ፣ እጃችሁን ዘርጉ፤ ልመርቃችሁ። ቤታችሁ ከእንግዳ፣ ድስታችሁ ከሥጋ አይጉደል። ልጆቻችሁ አድገው ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ስታጠፉ የሚታገሣችሁ ሰው አትጡ። ዣንዶስ፣ ያሰብከው ሁሉ ይሙላልህ፤ እኔንም ይቅር በለኝ።

ገበያው ተዘግቷል፤ ውጤቱ «ተናግራለች» ነው። አሥራ አራታችሁም ተነሡና ለዣንዶስ ሻይ አፍሉለት። ኦሚን።