“ስንት ናችሁ?” ሲሉ የኖሩት የሰይልካን ኦሮዝባይ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ ከየሸለቆውም ከሰማይ ከተሞችም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፤ ሁላችንም አፓ፣ እናታችን፣ የምንላቸውን የሰይልካንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ልጆቻቸው ሲጠይቁኝ እንባ ያስቸግረኛል ብዬ ነበር። ግን ይህን ምስጋና ለሌላ ሰው አፍ መተው አልሆነልኝምና፣ ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ።

ሰይልካን አፓ ከአባታቸው ከአቶ ኦሮዝባይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙራካን፣ በናሪን ሸለቆ በሳሪ ቤል መንደር፣ በሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ አራት ዓመት በጸደይ ተወለዱ። አባታቸው የበረዶ ግግሩን የሚጠግኑትን ማሽኖች ይጠብቁ የነበሩ ዝምተኛ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ ያክ የሚባለውን ጠጉራም የተራራ ከብት እያረቡ፣ ቀልድ እያወሩ አምስት ልጆች ያሳደጉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በመንደራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ ከክፍላቸው የሚቀድማቸው አልተገኘም።

አረጋውያን እንደምታስታውሱት በዚያ ዘመን በተራራው ለሚኖሩ አንዳንድ ወጣቶች በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ስጦታ ይመጣላቸው፣ ሃያ ሲሞላቸውም እንደመጣ ይሄድ ነበር፤ ምክንያቱን ሊቃውንት ብዙ ጽፈውበታል፣ ያወቀው ግን የለም። የመንደሩ ልጅ ኢልጊዝ መብረር ቻሉ፤ ጃንጊል ቋጥኝ አነሡ፤ ቤክተን በመዳፋቸው በረዶ አቀለጡ። ሰይልካን አፓም ተራቸው ደርሶ ከመሬት ተነሡ፤ ግን አንድ ስንዝር ከፍ ብለው እዚያው ቆሙ፣ ከዚያ በላይ ፈጽሞ አልሄደላቸውም። ልጃቸው አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ያዩት እናታቸው “አይዞሽ፣ ጫማ አትጨርሺም!” ብለው እንዳጽናኗቸው ራሳቸው እየሳቁ ይነግሩን ነበር።

እነዚህ አራት ልጆች “የሳሪ ቤል አራቱ” ተብለው፣ ከጥንቱ ጦርነት ተርፈው መንጋ ይፈጁ የነበሩትን የብረት ተኩላዎች ከሸለቆው አባረሩ፤ ከጨረቃ ሲመለስ የተበላሸውንም መርከብ ሰው ሳይጎዳ በሐይቁ ላይ አሳረፉ። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ተዘፍኖበታል። ያልተዘፈነው የሰይልካን አፓ ድርሻ ነው። በአገራችን ቤት የገባ እንግዳ ዳቦ ሳይቀምስ አይወጣምና፣ ያዳኗቸው ሁሉ ካልቀመሳችሁ እያሉ በር ላይ ሲይዟቸው፣ የቡድኑ መሪ ኢልጊዝ መላ ዘየዱ። “አንቺ ስንዝሬ፣ አንቺ ቅመሽልን፤ ምርቃቱንም ተቀበይልን፤ እኛ እንቅደም” አሏቸው። እሳቸውም “ሂዱ፣ እናንተ ጀግና ሁኑ፤ እኔ ልወፍር” ብለው እሺ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቤቱ ዳቦ የቀመሱት እንዲህ ተመድበው ነው፤ ነገሩ ቅር ያሰኛቸው እንደነበር ግን ለእኔ አልደበቁኝም።

ዐሥራ ስድስት ዓመታቸው በነበረ ክረምት፣ በቀትር፣ የተራራው በረዶ ተንዶ አንድ ቤት ቀበረ። ቤቱ የአያቴ የአቶ ቾትባይ ቤት ነበር፤ እኔም በዚያ ቤት የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አራቱ ደርሰው ቤተሰቡን አንድ በአንድ አወጡ። እናቴ ግን ወጋግራ መትቷት ራሷን ስታ ነበርና፣ ኢልጊዝ በጀርባቸው አዝለው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ተመልሰውም አያቴን “አታ፣ አባቴ፣ ስንት ናችሁ? ሁሉም ወጥቷል?” ብለው ጠየቁ። እንደምታውቁት በእኛ ዘንድ ልጅን ጮክ ብሎ መቁጠር የሰው ዓይን ይስባል ተብሎ ይፈራ ነበር፤ አያቴም እንደ ደንቡ “ልጄ፣ አላህ የሰጠንን ያህል ነን፤ ተመስገን” ብለው መለሱ። በዚያው ቅጽበት ከማዶ ሸለቆ የድረሱልን ጥሪ መጣና ሦስቱ ሄዱ፤ ሰይልካን አፓ ለዳቦው ቀሩ።

ሴት አያቴ ከጎረቤት ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው ለሁሉም አደሉና አንዲት ቁራሽ በጨርቅ ጠቅልለው “ይቺን ለቤጋይም አድርሺልኝ፤ ከእናቷ ጋር ስትበር ሳትቀምስ ሄደች” አሏቸው። ቤጋይም እኔ ነኝ። ሰይልካን አፓ ዳቦውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ። “እማማ፣ እናትየዋን ኢልጊዝ ጀርባ ላይ ያሰርኳት እኔ ነኝ፤ ልጅ አብራት አልነበረችም” አሉ። ሴት አያቴ አካፋ ይዘው ሊሮጡ ሲነሡ ሰይልካን አፓ ወገባቸውን ይዘው አስቀሯቸው፤ የተረፈው ጣሪያ በረዶውን ተሸክሞ ተንጠልጥሎ ነበርና፣ አንድ እግር ቢጨመርበት የሚወድቅ ነበር። ሳይረግጡት ሊገቡበት የሚችሉ ሰው በዚያ ሸለቆ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከጓዳ፣ ከተጋደመ መደርደሪያ ሥር አገኙኝ። የማስታውሰው ድምፃቸውን ነው። “ማን ትባያለሽ?” አሉኝ፤ ነገርኳቸው። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ደግሞ “ዕድሜሽስ ስንት ነው?” ሲሉኝ “ኤጄ፣ እህቴ፣ አይቆጠርም፤ አያቴ ይቆጣሉ” አልኳቸው። “እንግዲያው በጆሮዬ ንገሪኝ፣ ለማንም አላወራም።” አንገታቸውን አቅፌ “አራት” አልኳቸው። ሁለት ሰው ስንሆን ግን ያቺ ስንዝር ሁለት ጣት ብቻ ሆነች፤ ደፉ ላይ ስንደርስም የግራ እግራቸው ጣት በረዶውን ነካ። እኔን ወደ ሴት አያቴ እቅፍ ወረወሩኝ፤ ጣሪያው በእሳቸው ላይ ወረደ። እስከ ወገባቸው ከተቀበሩበት በሕይወት ወጡ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ግን ተሰብሮ ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ሲረግጡ ያነክሱ ነበር። ያን ዕለት አያቴ አቶ ቾትባይ በጎረቤት ሁሉ ፊት ቆመው፣ ቤተሰባቸውን በጣታቸው እያመለከቱ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ኢልጊዝም ከማዶ ተመልሰው ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲያ “ስንዝሬ” ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። እሳቸው ግን “ምነው ተውከው? ለምጄው ነበር” ይሏቸው ነበር።

ስጦታቸው በሃያ ዓመታቸው ሲሄድ ሰይልካን አፓ አንድ ቀን እንኳ አላዘኑም። በከተማ የሕዝብ መዝገብ ሥራን ተምረው ተመለሱና አርባ አንድ ዓመት በፈረስም በሰማይ ጋሪም የተራራውን ሸለቆዎች አዳረሱ። ዳቦውን ቀምሰው፣ የፈረስ ወተቱን ጠጥተው ሲያበቁ “ስንት ናችሁ?” ይላሉ። እናቶች “አፓ፣ የሰው ዓይን እንዲያገኝብኝ ነው?” ብለው ሲቆጧቸው “ከሰው ዓይንስ በረዶው ይብሳል፤ ንገሪኝ” ይሉ ነበር። ያ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣ ጊዜ ቆፋሪዎች የእሳቸውን መዝገብ ይዘው በየቤቱ ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ አላቆሙም፤ በሦስት ሸለቆ ፍርስራሽ ሥር የተረሳ ሰው አልነበረም። አላህ ይመስገን።

ትዳራቸውን የመሠረቱት ከንብ አርቢው ከአቶ ሻይርቤክ ጋር ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሲተዋወቋቸው ከሰላምታ አስከትለው “ቀፎዎቼ ሠላሳ ሁለት ናቸው” አሏቸውና፣ ሰይልካን አፓም “ሳይጠየቅ የሚቆጥር ወንድ አገኘሁ” ብለው በዚያው በጋ አገቧቸው። አራት ልጆች ወለዱ። አንዱ፣ ኤሚል፣ በዘጠኝ ቀኑ ዐረፈ፤ ሰይልካን አፓ ግን ስለ ልጆቻቸው ሲጠየቁ እስከ መጨረሻው “አራት” እንጂ “ሦስት” ብለው መልሰው አያውቁም።

አቶ ሻይርቤክ ከሞቱ በኋላ ጉልበታቸው ደክሞ ሁለት ዓመት ታመሙ። ሐኪሞች ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄድ ወንበር ሲያመጡላቸው “እሱንማ ማን ሊያስተምረኝ!” ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። ልጆቻቸው ቀንና ሌት ሳይለዩ አስታመዋቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሰይልካን አፓ ሦስት ልጆች፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆች፣ ዐሥራ አራት የልጅ ልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል፤ ከእነዚህ ጋር እኔንም ጨምረው ይቆጥሩኝ ነበርና ሃያ ሰባት ነን። ጮክ ብዬ ቆጥሬአችኋለሁ፤ ማንም አልጎደለም። አላህ ሆይ፣ ሰይልካን አፓን ከኤሚል ጋር በጀነት አገናኛቸው፤ እሳቸው ማንንም እንዳላስቀሩ አንተም እሳቸውን አታስቀራቸው። አሚን።