የጋሼ ዓለሙ ሞት

ከፔዳ ወደ ፋሲሎ በምሄድበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎረቤታቸው ስለ ሰፈራቸው የቲያትር ክበብ ያወራሉ።

«ጋሼ ዓለሙ፣ ዘንድሮ ያልሆኑት ነገር የለም። መጀመሪያ ንጉሥ፣ ቀጥሎ የዶሮ ሌባ!»

«ሌባው ይበልጥ ያምርብሃል ብለውኛል።»

«ሦስተኛው ቲያትር ላይ ግን ሞቱ።»

«ሞትሁ። ተከፍኜ መድረክ ላይ እንደ ተጋደምሁ፣ ባለቤቴ ከተመልካቹ መካከል ተነሥታ ስትወጣ ሰማሁ።»

«እርስዎ ተሸፍነው ሳለ እሳቸው መሆናቸውን በምን ዐወቁ?»

«እርምጃዋ ይጠፋኛል ብለሽ ነው? አምና ሆስፒታል ተኝቼ ሌት ተቀን ስሰማው የከረምሁት እሱን ነው።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ተነሣሁ።»

«ሞተው ሳለ?»

«ሞቼ ሳለ! ከነከፈኔ ተከትያት ወጣሁ።»

«በሞትሁት! ሰዉስ?»

«ግማሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ግማሹ አማተበ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሳቅፋት ጊዜ እንባዋን ጠረገችና፣ ‹በል ተመለስና ሙት፤ ሰው እየጠበቀ ነው› አለችኝ።»

«ተመለሱ?»

«ተመለስሁ እንጂ። እሷም ገብታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እስከምቀበር ድረስ አልተነሣችም።»

«ጎበዝ ናቸው! እርስዎስ ለቀጣዩ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ሙሽራ።»

«ጉድ ፈላ! እሱንስ ባለቤትዎ ይችሉታል?»

«ሙሽሪትን እኔ ካልመረጥሁለት ብላ ልምምድ ቦታ መዋል ጀምራለች።»

ሴትዮዋ ከት ብላ ስትስቅ፣ እኔ ከኋላቸው ሳቄን አፍኜ ፊቴን በመስኮቱ ወደሚታየው ሐይቅ አዞርሁ።