የወለተ ማርያሞች ግድግዳ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ለአረጋውያን መጦሪያ የለጋሾችን ስም በእምነበረድ ግድግዳ ላይ የቀረጸ ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት እናት ሲያወራ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

«ታዲያ አላማረልህም ልጄ?»

«አምሯል፤ ግን ስማቸውን የጠየቅኳቸው ከቅዳሴ ሲወጡ ነው። ለጸሎት መስሏቸው የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። እኔ ጅሉም እንዳለ ቀረጽኩት።»

«ወይ ጉድ። ማን ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

«አይታወቅም። ግድግዳው በወለተ ማርያም ተሞልቷል። ሴቶቹ ሁሉ ‹ከላይ በትልቁ የተጻፍኩት እኔ ነኝ አይደል?› ይሉኛል።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ‹አዎ፣ እርስዎ ነዎት› አልኩ።»

«ምርቃቱ መቼ ነው?»

«ዛሬ።»

«ታዲያ አቀስታ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?»

«ልደበቅ።»

የእኔም የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ነውና፣ አምስት ሳንቲም ሳልሰጥ፣ ስመለስ እዚያ ግድግዳ ሥር ፎቶ ልነሳ በልቤ ወሰንኩ።